ላልመጣ መጽሐፍ የተሰጠ ምስክርነት

አገር የሚያድገው በጥናትና ምርምር ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ መጽሐፍማ የለንም። በዐይኔ አይቼ ነው። እኔ አብዱልሃሚድ፣ በሐይቅና በውጫሌ መካከል ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን በጥናት የተረጋገጠ ክብር የተጎናጸፈችው በእኔ አመራር ነው። ትሕትና ባይከለክለኝ ኖሮ ይህንንም ጮክ ብዬ እናገር ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የድሮው ሥርዓተ ትምህርት ጊዜው አልፎበታል፣ ይለወጥ እየተባለ ስንት ዓመት ተጠና፣ ስንት ስብሰባ ተሰበሰበ። በመጨረሻ ጦርነቱ በእኛ በኩል አለፈና በሦስት ቀን ለወጠው። ወንበሩ ማገዶ፣ መጽሐፉ ማቀጣጠያ ሆነ። በአገራችን የተሐድሶ ታሪክ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። መጣ ስል ደብዳቤው መጣ ማለቴ ነው። መጽሐፉ እስኪታተም በስልክ አንብቡት ተባልን፤ ስልክ የሚሞላበት መብራት ደግሞ ጥገና ላይ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ስድሳ ሦስት ነበሩ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከአዲሱ መጽሐፍ እንደሚወጣ ተነግሯቸዋል። ከስድሳ ሦስቱ አንዷ፣ ሀያ የምትባለው፣ የገዛ ልጄ ናት። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። አክስቷ መስኡዳ ከጅዳ እየደወለች፣ «ካለፈች ትማር፤ ከወደቀች ግን ቪዛውን እልካለሁ። ቤት ቁጭ ብላ ምን ልትሠራ?» ትላለች። ሀያ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል መግባት እንጂ ሰው ቤት መሥራት አትፈልግም። ማዕድ በቀረብን ቁጥር ትነዘንዘኛለች።

«አባ፣ መጽሐፉ መቼ ነው የሚመጣው?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደቱ የት ደረሰ?»

«ልጄ፣ ሂደት ይሄዳል እንጂ አይደርስም» ብዬ በምክር አልፋታለሁ።

በመጋቢት ወር ታላቅ ዜና ተሰማ። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚበቃ የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ መጋዘን ገብቷል። ወይ ለእኛ ይሰጣል፣ ወይ ከተራራው ሥር ላለው፣ መምህር አሻግሬ ለሚመራው ትምህርት ቤት። የሚወስነውም የአዲሱን መጽሐፍ ጥራት የሚያጠና አንድ ተመራማሪ ነው፤ ሁለታችንም ዘንድ ይመጣል። ወዲያው መምህራንን ሰብስቤ መመሪያ ሰጠሁ።

«የሚመጣው እንግዳ ነው። ወሎ ደግሞ እንግዳ አያሳፍርም። ተማሪዎቹ በመጠይቁ ላይ የቀረበላቸውን ሁሉ ‹በጣም እስማማለሁ› ይበሉ። ደስ ያለው ሰው እጁ ይፈታል።»

የሒሳብ መምህርታችን ስህን እጇን አወጣች። ይቺ ሴት ነገር አይጥማትም።

«መምህር፣ ልጆቹ ያላዩትን መጽሐፍ በምን አውቀውት ነው የሚስማሙት?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ስህን።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ መምህር።»

«እኛ የጠየቅነው መጽሐፍ ነው እንጂ ደጃዝማችነት አይደለም!» አልኳት። ሰው ሳቀላት እንጂ ሳቀብኝ አልልም።

ተመራማሪው ከውጫሌ በባጃጅ ደረሰ። ሸሚዙ የነጣ፣ ንግግሩ የለዘበ ወጣት ነው። ከሐይቅ ዓሣ አስመጥተን ጠብሰን ጠበቅነው። «አፈር ስሆን ብላ!» «በሞቴ ይቺን ብቻ!» እያልን እሾኩን ሳይቀር ለቅመንለት አጎረስነው። እጁን ሲታጠብ ስህን አላስችል ብሏት ጠጋ አለች።

«ጌታዬ፣ መጽሐፉ እኮ አልደረሰንም።»

ልጁ አልደነገጠም። የተማረ ይግደለኝ!

«እሱ የሥርጭት ጉዳይ ነው፣ እህቴ። ሥርጭትን የሚያጠናው ሌላ ቡድን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። የእኔ ጥናት ጥራቱ ላይ ብቻ ነው።»

መጠይቁ ታደለ። ጥያቄዎቹ እንዴት ያሉ ጥልቅ ነበሩ! «የመጽሐፉ ሥዕሎች ማራኪ ናቸው።» በጣም እስማማለሁ። «መልመጃዎቹ የማሰብ ችሎታዬን አዳብረውልኛል።» በጣም እስማማለሁ። «የመጽሐፉ ክብደት ተሸክሞ ለመሄድ አያስቸግርም።» እዚህ ላይ ልጆቹ ከልባቸው ተስማሙ።

ክፍሉ በስምምነት ተሞልቶ ሳለ ከሦስተኛው ረድፍ የሀያ ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ‹አላየሁትም› የሚለው የት ነው ያለው?»

«እንደዚያ የሚል አማራጭ የለም። ከአምስቱ አንዱን ምረጪ።»

«እሺ፣ መጽሐፉን ያሳዩኝና እመርጣለሁ።»

ያ ረብ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ ፈጥኜ ደረስኩና ወረቀቷን ከእጇ ተቀበልኩ። ተመራማሪውም «ያልተመለሰ መጠይቅ» ብሎ መዘገበው። የቀሩት ስድሳ ሁለቱ ተቆጠሩ፤ ትክክለኛ ለመሆናቸው እኔው ፈረምኩ። ሀያ ለሦስት ቀን ማዕዱን ትታ ለብቻዋ በላች፤ እኔም «ስታድግ ይገባታል» አልኩ።

መጠይቁ በተሞላ ማግሥት ተመራማሪው አሻግሬ ዘንድ ሄደ። የሆነውን የነገረኝ ያደረሰው ባለ ባጃጅ ነው። ሱብሃነላህ! አሻግሬ ቁጭ በል እንኳ አላለውም። «ምን መጽሐፍ አለና ነው ስለ መጽሐፍ የምትጠይቀኝ? ስትመለስ መጽሐፍ ይዘህ ና!» ብሎ ጮኸበት። ተማሪዎቹም ከላይ እስከ ታች «በጣም አልስማማም» ላይ አሠመሩ። አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ያቀረበለት የለም። «አቤት ብልግና! አለቀለት አሻግሬ» አልኩና ለመጽሐፉ ማስቀመጫ የሚሆን ሣጥን አሠራሁ፤ ቁልፉንም ኪሴ ከተትኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። ተማሪው ሁሉ በሰንደቅ ዓላማው ሥር እንዲሰለፍ አደረግሁና ድምፄን ሞርጄ አነበብኩ።

«በተካሄደው ጥናት፣ የትምህርት ቤታችሁ ተማሪዎች በአዲሱ መጽሐፍ ያላቸው እርካታ መቶ በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።» እዚህ ላይ አጨበጨብኩ፤ ሰልፉም ተከተለኝ። «ስለሆነም በመጋዘን ያለው ውስን መጽሐፍ፣ ከፍተኛ የእርካታ ጉድለት ለታየበት ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተወስኗል። ለእናንተ የምስጋና ምስክር ወረቀት አባሪ ሆኖ ተልኳል።»

ጭብጨባው እንዴት እንደቆመ አላስታውስም። ስህን መጀመሪያውኑ አላጨበጨበችም ነበር። ሮጬ ለተመራማሪው ስልክ ደወልኩ።

«ስህተት ነው፣ ወንድሜ! መጽሐፉን እኮ አይተነው አናውቅም!»

«መምህር፣ ፊርማዎ እዚህ አለ። ጥናቱም ጸድቋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱን ማን እንደያዘው አውቃለሁ፤ ሞኙን ግን ለጊዜው አልጠቅስም።

ሰኞ ጠዋት ሀያ ቢሮዬ ገብታ ቆመች። ልጄ ናት፤ አቋቋሟ ግን እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ነው።

«አባ፣ መሸኛ ጻፍልኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«አሻግሬ ጋ። መጽሐፍ አለ።»

«አንቺ ልጅ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ እኮ ነው!»

«ጅዳ ይርቃል።»

ጻፍኩላት፤ ስፈርም አፈርኩ። ማኅተሙን መትቼ ቀና ስል ከኋላዋ የቀሩት ስድሳ ሁለቱ እስከ በሩ ተሰልፈዋል። እስከ እኩለ ቀን ስጽፍ፣ ስፈርም፣ ማኅተም ስመታ ዋልኩ። ስህን ስማቸውን እየጠራች አስተናገደችልኝ።

ምስክር ወረቀቱን በስምንተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ደብተሬንም ዘርግቼ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በሐቅ ጻፍኩ፦ በተወሰደው የተቀናጀ እርምጃ፣ በትምህርት ቤታችን በመጽሐፍ እጥረት የሚያማርር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድም የለም።