ነጠላ ያዘቀዘቁ ጎብኚዎች

ወልድያ ላይ ተቀምጦ መንገድ የሚያይ ሰው የሀገሩን ጤና ከዜና አንባቢ በፊት ያውቃል። ብልሃት አይጠይቅም፤ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈውን መኪና ልብ ብሎ ማየት ነው። ማንን ጭኖ አለፈ? ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ይስቃል ወይስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "መንገዱ ሰላም ነው?" እያለ ይንጎራደዳል? እኔ ይህን ሳይ ዕድሜዬን እየጨረስኩ ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ መንገድ ዳር ሱቅ ከፍታችሁ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ሌላ የምታዩት የላችሁም።

በደጉ ጊዜ የሚያልፈው ፈረንጅ ነበር። ፊቱ በፀሐያችን እንደ በርበሬ ቀልቶ ከላንድክሩዘሩ ይወርድና አህያችንን ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሳል። ምን አግኝቶባት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ፤ ፈረንጁ ቀረ። በምትኩ ረጅም አንቴና የተከሉ ነጫጭ መኪናዎች መጡ። እነዚህ አህያ አያነሱም፤ የሚያነሱት የእርዳታ ስንዴ ሊቀበል የተሰለፈውን ሰው ነው። እነሱም ሳሱ። አሁን አሁን ደግሞ፣ ለገና ከሚጎርፈው ምእመን ሌላ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቅ የሚለው የአዲስ አበባ ወጣት ነው። እሱ የሚያነሳው ራሱን ነው። ካሜራው ከአህያ ተነስቶ፣ በሰልፈኛው በኩል አልፎ፣ ባለቤቱ ላይ አረፈ። እድገት ይሉታል።

ይህን ሁሉ የምተነትነው ያለ ነገር አይደለም። የተማርኩት ቱሪዝም ነው። ተምሬም አልቀረሁም፤ አንድ ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት ለቱሪዝም ባለሙያነት ባወጣው ፈተና አንደኛ ወጣሁ። ወንበሩ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። የእንስሳት ጤና የተማረ ሰው ነው፤ አጎቱ ግን ጥሩ ሥልጣንና ጥሩ ጤንነት ላይ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ "ባለወንበሩ" እለዋለሁ። እኔ ወልድያ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ። ተማሪዎች ስለ ቱሪዝም የጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ እያባዛሁ እጠርዛለሁ፤ እግረ መንገዴንም ስህተታቸውን አርማለሁ፤ ማንም አላለኝም። ባለወንበሩ በየስብሰባው "የጎብኚዎች ፍሰት እየጨመረ ነው" ይላል። እንዴት እንደሚቆጥር ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ ሻንጣ ይዞ ከአውቶቡስ የወረደ ሁሉ ጎብኚ ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት ሻንጣውን ይዞ የመጣውም ጭምር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ባለፈው ታኅሣሥ ሜሮን የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። ጎብኚ እየሰበሰበች ሀገር የምታሳይ ናት፤ ስልኬን ያገኘችው ጽሑፉን ከጠረዝኩለት ተማሪ ነው። አንድ አውቶቡስ ሰው ወደ ላሊበላ ይዛ ስትሄድ መርሳ ታድራለች፤ በማግሥቱ ከመንገዱ በፊት "እውነተኛ የገጠር ሕይወት" ታሳያለች። ካማራቸው በየወሩ ትመጣለች። በየወሩ! እናንተዬ፣ ለስንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስጠርዝ ኖሬ፣ በተማርኩበት ልኖር ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መንገዱ ቢዘጋስ? አንዱ ወሬ ተወርቶ ቢመለሱስ?

የማሳያቸው መንደር አልቸገረኝም። የተወለድኩት ከመርሳ ወጣ ብላ፣ ማሽላና ብርቱካን በሚበቅልባት የሀብሩ መንደር ነው። የምወስዳቸውም እትዬ ሐዋ ቤት ነው፤ ከእናቴ ቤት አጥር የሚጋሩ፣ ግቢያቸው የሚያምር፣ እንግዳ የሚወዱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። በበረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ ሀገር ከሄደ ከርሟል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እትዬ ሐዋ ቀን ስቀው ይውላሉ። ትንሿን ስልካቸውን ግን ከአንገታቸው አያወልቁም፤ እንደ ክታብ በክር አስረው አንጠልጥለዋታል።

አሠራሩ አሠራር ነውና ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ባለወንበሩ ሄድኩ። ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "በጎህ አስጎብኛቸውና በጊዜ መንገድ አስገባቸው፤ ከረፋድ በኋላ የሚሆነው አይታወቅም" አለኝ።

"ለመንደሩ ሰውስ ማን ይነግራል?"

"እኔ አስነግራለሁ። ይሄ የኛ ሥራ ነው።"

ሥራው አልነበረም፤ የኔ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

እንግዶቹ መርሳ በደረሱ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱን አስፋልት ዳር አቆምን። ብርዱ ይቆረጥማል። ሴቶቹ ለፎቶ ብለው ወልድያ ገበያ ሊገዙት ያሰቡትን ነጠላ ደሴ ላይ ገዝተውት ኖሯል፤ ሲበርዳቸው ደራረቡት። የከተማ ልጆች ናቸው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። እኔም አይቻለሁ፤ ግን በብርድ ሰዓት ጥለት ማን ይቆጥራል? "የመንደሩ ውሻ እንዳይነሳባችሁ ድምፅ ሳታሰሙ ተከተሉኝ" አልኳቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ዝም አሉ። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን፣ እኔ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ተሰልፈን ወረድን።

አሁን እናንተ ወሎዬዎች ከሆናችሁ፣ ከወዲሁ ራሳችሁን ይዛችኋል። ካልሆናችሁም ልንገራችሁ። በኛ ሀገር ሰው ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በጎህ ወደ ሰው ደጅ የሚሄደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ከፊት የሚሄደውም የቤቱ ወዳጅ ነው። እኔ በተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ መርዶ የሚባል ምዕራፍ የለም።

እትዬ ሐዋ ሱብሂ ሰግደው ወጥተው ለሶላት የታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ወደ ጓዳ ሊመልሱ ነበር። አዩን። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ፣ ቀጥሎ ነጠላውን። ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ።

"መላኩ" አሉኝ በቀስታ። "የት ነው የቀረው? በረሃው ነው ባሕሩ?"

"ኧረ እትዬ፣ ምንም የለም! ሰላም ነው!"

ምነው ምላሴን በቆረጠው። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ የሚጀምረው በዚህ ነው። ሰላም ነው፣ ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው፤ ከዚያ ነው የሚያረዳው። ባስተባበልኩ ቁጥር ልጃቸውን እየቀበርኩባቸው ሄድኩ።

"እንግዶች ናቸው እትዬ! ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች!"

"እንግዳማ ናቸው! ልጄ ወገን በሌለበት ሞቶ፣ የሚያረዳኝም የማላውቀው ሰው ይሁን?" አሉና ደረታቸውን መቱ። "ሰይዴ! አፈር ማን አለበሰህ!"

ከዚህ በኋላ ማን ይስማኝ። በሀብሩ አንድ ጩኸት ከተሰማ ሁለተኛውን የሚጠብቅ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ከየቤቱ ወጣ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት በወዲያኛው በኩል ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታየች ነበሩ፤ መቀነታቸውን እያሰሩ ሮጠው እትዬ ሐዋን አቀፉ፤ "የኔም ነው፣ የኔም ነው" እያሉ አብረው ወደቁ። የወይዘሮ ታየችም ልጅ በዚያ ክፉ ጊዜ የወጣ ነው። ሞተም ዳነም ያላቸው ሰው የለም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሲገኝ የራሳቸውንም ጨምረው ያለቅሳሉ፤ መንደሩ ያውቅላቸዋል።

ጎብኚዎቹስ? መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ሜሮን ማልቀስ ጀመረች። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አለቃቀሳቸውን ያዩ የመንደሩ ወንዶች "ይሄ ምን ቢሆነው ነው?" እየተባባሉ አጽናኗቸው። ከወጣቶቹ አንዱ ደግሞ፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ፣ እያለቀሰም ይቀርጻል።

ነገሩ የተፈታው ንፍሮ ተቀቅሎ ከቀረበ በኋላ ነው። ወይዘሮ ታየች ለሽማግሌው እያዘገኑ፣ "ለመሆኑ እናንተ የሰይድ ምኑ ናችሁ?" ብለው ጠየቁ።

"እኛማ ጎብኚዎች ነን እመቤት።"

"ምን ልትጎበኙ?"

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። "የገጠር ሕይወት" አሉ።

አልቃሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ነው የምናገረው የተሰማልኝ። እትዬ ሐዋ ከወደቁበት ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል።

"እና አልሞተም?"

"መርዶ ይዤ አልመጣሁም እትዬ።"

"ታዲያ ደህና ነው?"

ተማርኩ የምለው ሰውዬ፣ ፈተና አንደኛ የወጣሁት፣ "አላውቅም" አልኩ። ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ ያ ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ። ልጁን ገድዬ መልሼ አስነሳሁት፤ ያስቀመጥኩት ግን የነበረበት ጭለማ ውስጥ ነው። ጎብኚዎቹ ንፍሯቸውን በልተው፣ እትዬ ሐዋን አንድ በአንድ እየሳሙ ተሰናብተው ሄዱ። ሜሮን "እደውልልሃለሁ" አለችኝ። አልደወለችም።

በሳምንቱ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ እትዬ ሐዋ ዘንድ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እኔም አላውቅ። ወይዘሮ ታየች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ስኳሩን ገና ሳላስቀምጥ እትዬ ሐዋ አንገት ላይ ያለችው ስልክ ጮኸች። እኔ አነሳሁላቸውና ድምፁን ለቀቅሁት።

"እማ! እኔ ምን አድርጌሽ ነው በቁሜ የምታለቅሺብኝ?"

ሰይድ ነው! ያ ልጅ የቀረጸው ለቅሶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ባሕር ተሻግሮ ኖሯል። "የሀገሬ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው ለቅሶዬን ሊደርሱ ማደሪያዬ መጡ" ይላል እየጮኸ። "በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ! ሬሳ ነው የመሰልኳቸው!"

"ካላለቀስኩልህ አትደውልም?" አሉት እናቱ።

"የምልክልሽ ሳላገኝ በምን አፌ ልደውል?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"እኔ ከድምፅህ ሌላ ምን ላክ አልኩህ፣ አንተ ልበ ደረቅ!"

ከዚህ በኋላ ያለው የእናትና የልጅ ነው። ስልኩን ትቼላቸው ወጣሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለወንበሩ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ጎብኚዎች በሀብሩ "ሕያው የለቅሶ ባህላችንን" በስፋት መመልከታቸውን አብራራ፤ ተጨበጨበለት። ለመንደሩ ሰው ስላላስነገረው ነገር የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ከስብሰባው በር ላይ ቆሜ የሰማሁት እንጂ ተጠርቼ አልነበረማ።

የጎብኚዎቹ ነገር እንዲያው ቀረ። መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ይወራል፤ ወሬው ሳይበርድ አይደለም ይባላል። ላንድክሩዘር ካየሁ ሰነበትኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አዲስ ዓይነት እንግዳ እየመጣበት ነው። እናቶች። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ስሙን ከማላውቀው የገጠር መንደር ሳይቀር፣ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ በባጃጅ እያጠያየቁ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "እነዚያን የሚያስለቅሱ እንግዶች ለኛም አምጣልን።" የአንዷ ልጅ ጅቡቲ ገብቶ የጠፋ ነው፤ የአንዷ ሴት ልጅ ሰው ቤት ተቀጥራ የጠፋች። "በቁም ለሰው ማልቀስ ደግ አይደለም" እላለሁ። "ሐዋ አልቅሳ ልጇ ደውሎላት የለም ወይ!" ይሉኛል።

ትናንት የመጡት ወይዘሮ ታየች ናቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጥበው፣ እንደ ክብረ በዓል ለብሰው። ወንበር ሰጠኋቸው።

"መላኩ ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ይመለሳሉ?"

"መንገዱ ነው እናቴ። መንገዱ አላስተማመነም።"

"አንድ አውቶቡስ ባይሞላም ግድ የለም። ያ የሚቀርጸው ልጅ ብቻ ይምጣ።"

ሰይድ የደወለው በሕይወት ስላለ ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ተለቅሶለት ያልደወለ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ የተሻለ ያውቁታል፤ መምጣታቸው ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም።

"እሺ፣ እጠይቃለሁ" አልኩ።

"ሲመጡ ቀደም ብለህ ንገረኝ ታዲያ። ነጠላዬን ያን ጊዜ አዘቀዝቀዋለሁ" አሉኝና ተነሱ። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጥለቱን ወደ ታች፣ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ለቀቁት። ከዚያ የሚያልፍ ባጃጅ በእጃቸው ጠሩ።