ወሰኑ በነጠላዬ ላይ ሲያልፍ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝ። የተኛሁት እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ቢሻው «ጓሮው የኔ ነው» እያለ ሲያንገላታኝ ኖሮ፣ በማግስቱ ፍርድ ሊሰጠን ተቀጥረን ነበር። ትናንት ቀን ደግሞ የፍርድ ቤቶች ወሰን፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው ይዳኝ የሚለው፣ ይቀየር አይቀየር ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቷል፤ እኔም «አይቀየር» ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሕልሜ ፍርድ ቤት ደረስኩ። ዳኞቹ ካባቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ በዳኞቹ ወንበር ተንሰራፍተው ሻይ ይጠጣሉ፤ «ዛሬ አልተሟላንም፣ ሌላ ቀን ኑ» እያሉ ይመልሷቸዋል። ከጎን ምርጫ ጣቢያ አለ። ድምፅ የሚሰጡት በጎች ናቸው፤ ሰው ደጅ ታስሮ ይጠብቃል።

እኔና ቢሻው በነጠላዬ ጫፍ ተቆራኝተናል፤ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ይታሰሩ እንደነበረው ማለት ነው። አንድ ሙክት በግ ኖራ በአፉ ይዞ መሬቱን እያሰመረ መጣ። መሃላችን ሲደርስ ነጠላዬ ላይ ቆመ።

«እመይቴ፣ እርስዎ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት፣ እሱ ወደ ታችኛው» አለኝ።

«ተከሳሼ ከሄደ ማንን ልክሰስ?»

«ያለውን ሰው ይክሰሱ። ሰው ሞልቷል።»

ይህን ብሎ ነጠላዬን ያኝክ ጀመር። ቢሻው ይስቃል።

«የዳኛ ያለህ!» ብዬ ጮህኩ።

ከተሰለፉት አንዱ ዳኛ ዞር አለና «እኛም ወረፋ ላይ ነን፣ እናቴ» አለኝ።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ክሩ ሲበጠስ ይሰማኛል። ቢሻው ካመለጠ ጓሮዬም አብሮት መሄዱ ነው። ባለ በሌለ ኃይሌ ነጠላዬን ጎተትኩ።

«እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ልቀቂው እንጂ!»

ልጄ ትርንጎ ናት። ነግቷል።

«ሬዲዮ ተናገረ» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ። «ወሰኑ ተቀይሯል። ሰፈራችን ለአዲሱ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ የዛሬው ቀጠሮም ቀርቷል።»

«አዲሱ የት ነው?»

«ገና አልተሠራም።»

ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ቢሻው ጎመኔን ረግጦ ቆርቆሮ አጥር ይመታል። ሲያየኝ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳኝ።

«እንዴት አደርሽ፣ እህት ዓለም! ፍርድ ቤቱ እስኪሠራ ሥራ ከምፈታ ብዬ ነው።»