የአፋፉ ጦጣዎችና የስልኩ ንስር

ሰው አገሩን በአነጋገሩ ይዞ ይዞራል። እኔ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ ሁለት ቃል ስተነፍስ "የቆላ ልጅ ነሽ እንዴ?" ይሉኛል፤ ሦስተኛውን እውጠዋለሁ። ይህ የሰው ጣጣ ብቻ ይመስላችኋል? ጦጣን ጠይቁ።

እርሻችን ከደጀን አለፍ ብሎ የአባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በቆሎው ጦጣ እንዳይጨርሰው ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ስምንተኛን እንደ ምንም አልፌያለሁ፤ የዘጠነኛ ምዝገባ አርብ ሊያበቃ ነው፤ አባባ ግን "በቆሎው ሳይገባ የት ልትሄጂ!" ይላል። መረረኝ።

ማርቆስ አድጎ እዚያው ኮሌጅ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ይበልጣል ለእረፍት እኛ ዘንድ መጣ። አነጋገሬን እያስመሰለ ሲስቅብኝ ሰነበተና "ለጦጣ ነው እንዲህ የምትጨነቁት?" አለ። የሌላ አገር ጦጣ ንስር ሲያይ የሚጮኸውን ከስልኩ አወጣ። "ጦጣ የትም ጦጣ ነው!" ብሎ ከምጠብቅበት ማማ ላይ ለቀቀው። የኛዎቹ፣ "መጀመሪያ የመቀመጫዬን" እንዳለችው ዝንጀሮ፣ ተመቻችተው ተቀምጠው አዳመጡት። ከዚያ በቆሎውን መፈልፈላቸውን ቀጠሉ።

እኔ ማማ ላይ ስላደግሁ ጩኸታቸውን አውቀዋለሁ፤ ለውሻ ሌላ ነው፣ ለንስር ሌላ። ግን ሰው ፊት እንዴት ይጮኻል? አባባ "እስኪ አንች በያቸው" አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ለንስር የሚጮኹትን ጮኽሁት። ማሳው ጸዳ!

ይበልጣል ድምፄን በስልኩ ቀዳው። እኔ ጅሏም ደብተሬን አራገፍሁ። ሁለት ቀን ስልኩ ጠበቀልን። በሦስተኛው ቀን ጦጣዎቹ ጩኸት እንጂ ንስር እንደሌለ ደረሱበት፤ አንዷ እንዲያውም ማማው ሥር ቁጭ ብላ የልጇን ቅማል ትለቅማለች። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ክፍልፋይ እምቢ ብሎኝ፣ እነሱ በሦስት ቀን!

"እንግዲህ ጠባቂዋ አንችው ነሽ" አለ አባባ።

ያ የጦጣ ጩኸት ጉሮሮዬን ከፍቶት ነው መሰል፣ "አባባ፣ ጦጣ እንኳ ተምሮ ሲያልፍ እኔ ልቅር?" ብዬ ጮኽሁ። እኔ! አባባ ትክ ብሎ አየኝ።

"ይህን አፍ የት ደብቀሽው ኖሯል?" አለና ወደ ይበልጣል ዞረ። "ያንተ እረፍት እስከ መቼ ነው?"

ሐሙስ ተመዘገብሁ። ስመለስ ይበልጣል ማማው ላይ ቆሞ ያስተማርሁትን ጩኸት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ጦጣዎቹ ይፈለፍላሉ። አንዷ ብቻ ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

የማርቆስ ልጅ መሆኑን ለይታዋለች።