ጋሽ ይማምን ማን ይቀድማል?

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ካሉት የሐላል ግሮሰሪዎች አንዱ ራሱን በራሱ የሚከፍት በር አለው። ሰው ሲጠጋ ይከፈታል፣ ሰው ሲርቅ ይዘጋል። ምን ዋጋ አለው፣ ሁለት የኛ ሰዎች እኩል የደረሱ ቀን በሩ ያብዳል። «ይቅደሙ»፣ «ኧረ አንተ ግባ»፣ «በሞቴ!»፣ «ወላሂ አልገባም!» ስንባባል ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። ባለፈው አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ትዕግሥቷ አልቆ ጋሪዋን እየገፋች በመሃላችን ሰንጥቃ ገባች። የምትፈልገውን ገዝታ ስትወጣ እኛ እዚያው ነበርን።

ይሄ ነገር በር ላይ ቢቀር ምን ነበረበት? ግን ወዳጄ፣ ሰው ይሉኝታውን ቤቱ ቆልፎበት ለሽርሽር አይሄድም። አብሮት ይሳፈራል። ኤርፖርት ላይ ስለማይመዘን ነው እንጂ ከሻንጣው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። እንዴት አወቅህ በለኝ።

ጋሽ ይማም የባለቤቴ የዘሀራ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኮሎምበስ ከሁላችንም ቀድመው የገቡት እሳቸው ናቸው። ዘሀራን ያሳደጓት፣ ወደዚህም ያመጧት እሳቸው። እኔን ኤርፖርት መጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው። ያኔ ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር እሁድ ጠዋት ባዶውን የሚውል ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ዛሬ በዚህ ከተማ ከሚነዳው ያገር ልጅ ግማሹ እዚያ የሰለጠነ የሳቸው ተማሪ ነው። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ትምህርት አንድ ነበር፤ «ካላየህ ቁም።» አንድም ቀን ጮኸው አያውቁም። እኔ የመብራት ምሰሶ የገጨሁ ቀን እንኳ ወርደው የመኪናውን ፊት አዩና «አይዞህ፣ እሱም መንገድ አልለቀቀልህም» አሉኝ።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው «ከእንግዲህ መንዳት ይብቃዎት» ማለት የነበረብኝ።

ዓይናቸው ደክሟል። ዶክተሩ ነግሯቸዋል፣ እሳቸው ግን «መነጽሩ ነው» ብለው መነጽር ይቀይራሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ስሄድ መኪናውን መሃል መንገድ ላይ አቁመው በእጃቸው «ይለፉ፣ ይለፉ» ማለት ጀመሩ። ማንን ነው የሚያሳልፉት ብዬ ባይ ባይ ሰው የለም። ለካ የሚያሳልፉት መንገድ ዳር በእንጨት ላይ የቆመ የፖስታ ሳጥን ነው! እንዳያፍሩ ብዬ ዝም አልኩ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ በጡሩምባ እስኪያደነቁረን ድረስ የፖስታ ሳጥኑ እንዲሻገር ስንጠብቅ ቆየን።

እሱን ስቀን አለፍነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቀይ መብራት ጥሰው አለፉ። አጠገባቸው የነበረችው ዘሀራ ናት። ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «አንድ ቀን የሰው ልጅ ይገጫሉ፣ ወይ ራሳቸው ይሞቱብናል፤ ንገራቸው» አለችኝ። አንቺ እህታቸው አይደለሽም ወይ ብላት፣ አሳድገውኝ እንዴት አድርጌ አለች። እኔስ መንዳት አስተምረውኝ እንዴት አድርጌ? ጉዴ ፈላ።

በዚህ መሃል ልጃችን ኢማን የነርስነት ትምህርቷን ጨረሰች። ለሷ ደስታ ተብሎ ካሪቢያን ካሉት ደሴቶች ወደ አንዷ እንሂድ ተባለ። ዘሀራ ጋሽ ይማምም አብረውን ይሂዱ አለች። ዕቅዷ ገብቶኛል። ሰው ባሕር ዳር ተቀምጦ ነፋስ ሲነካው ልቡ ይለሰልሳል፣ ያኔ ትነግራቸዋለህ ነው ነገሩ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

የመጀመሪያውን ቀን አሁንማ ደክሟቸዋል ብዬ ተውኩት። ሁለተኛውን ቀን ዓሣ እየበሉ ስለነበር አጥንት ያንቃቸዋል ብዬ ተውኩት። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ጋሼ…» ስል «ወይ» ብለው ፈገግ አሉ። «ባሕሩ ደስ አይልም?» አልኳቸው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቁልፉ ነው። የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘውት መጥተዋል! መኪናው ኮሎምበስ ቆሟል፣ ቁልፉ ሁለት አውሮፕላን ቀይሮ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ባሕር ሲገቡ ፎጣ ውስጥ ጠቅልለው ዘሀራን ያስይዟታል። ዘሀራ ፎጣውን አቅፋ እኔን ታፈጥብኛለች።

በአራተኛው ቀን ኢማን የጫካ ጉብኝት ቡክ አድርጋ መጣች። ባለ አራት ጎማ ሞተር ታውቃለህ? ኳድ ባይክ ይሉታል። መሪው የሞተር ብስክሌት ነው፣ ጎማው የትራክተር ይመስላል፣ ጣሪያ የሚባል ነገር የለውም። አስጎብኚዋ ከፊት እየመራች በጭቃውና በድንጋዩ መሃል ታንገጫግጭሃለች። ይሄ ዕረፍት ይባላል። እኔ ካናል ዊንቸስተር መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፎርክሊፍት በሚሉት የዕቃ ማንሻ መኪና ላይ ስንገጫገጭ ግን ሥራ ነው የሚባለው።

አጎትሽስ ብላት «ዳድ፣ ሪላክስ። ከኔ ኋላ ይቀመጣሉ» አለችኝ። ጥሩ አስባ ነበር። ቦታው ስንደርስ ግን ጋሽ ይማም የኋላውን ወንበር አዩት፣ ኢማንን አዩዋት፣ ሄደው አንዱ ሞተር ላይ ወጡና «ቢስሚላህ» ብለው አስነሱት። ማን ውረዱ ይበላቸው? ዘሀራ ጎኔን ጎሸመችኝ። ቀስ ነው የሚሄደው፣ ገደልም የለውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አስጎብኚያችን ማርቫ ትባላለች። ከሃምሳ በላይ የሆናት፣ ጎርናና ድምፅ ያላት ሴት ናት። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ማለፍ ክልክል ነው፣ ዓይናችሁን ከሱ ላይ አትንቀሉ አለችን። የመጀመሪያው ሕግ እኛን አያስቸግረንም፤ ከእናታችን ሆድ ይዘነው የመጣነው ነው። ቀጥላ ከሁላችሁም ደካማው ነጂ ከኔ ቀጥሎ ይሁን አለችና አንድ በአንድ አየችን። ጣቷን የቀሰረችው በማን ላይ ይመስልሃል? በኔ!

በሙያዬ መናቄን ዋጥኩት። ግን ጋሽ ይማምን ከኋላዬ አስከትዬ እንዴት እሄዳለሁ? «ጋሼ፣ ይቅደሙ» አልኩ። «ኧረ አንተ ታዘሃል፣ ሂድ» አሉ። «በሞቴ!» «በሞቴ አትበል።» «ዘሀራ ትሙት!» ዘሀራ ከኋላዬ ተቀምጣ «ምን በወጣኝ!» አለች። ሞተሮቹ ይንደቀደቃሉ፣ ማርቫ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየናለች። ኢማን በእንግሊዝኛ እነዚህ እንደዚህ ናቸው፣ ትንሽ ደቂቃ ስጪያቸው አለቻት። በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩና ማርቫ ከፊት፣ ቀጥሎ ጋሽ ይማም፣ ቀጥሎ እኔና ዘሀራ፣ ከኋላ ኢማን ሆነን ተነሳን።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። የኮኮናት ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ ከታች ሰማያዊ ባሕር። ጋሽ ይማም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሲነዱ ያ እሁድ እሁድ የሚያስተምሩኝ ሰው ትዝ አሉኝና ሆዴ ባባ። ከዚያ ድንገት ቆሙ። እጃቸውን አንስተው «ይለፉ፣ ይለፉ» ይላሉ። አንገቴን አስግጌ ባይ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አሁንስ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ፍየል ናት። ችግሩ ፍየሏ ታስራለች። በገመድ ችንካር ላይ የታሰረች ፍየል ወዴት ትሻገራለች? እኛ ጠበቅናት። እሷም ሣሯን እየጋጠች ጠበቀችን። ማርቫ ለካ ሳታውቅ ጥላን ሄዳለች።

ፍየሏ ስትበቃቸው ተንቀሳቀሱ። ትንሽ እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በግራ በኩል የማርቫ ሞተር ያስነሳው አቧራ ገና አልተበተነም። ጋሽ ይማም በቀኝ ታጠፉ።

ዘሀራ ጎሸመችኝ። «በግራ ነው፣ ንገራቸው።» «አንቺ ንገሪያቸው።» «ከፊት የተቀመጥከው አንተ ነህ!» እስኪ ምን ልበላቸው? መንገድ ያሳዩኝን ሰው መንገድ ስተዋል ልበል? በዚህ መሃል ጋሽ ይማም ዞር ብለው አዩን። ሦስታችንም ፈገግ አልን። እኔማ አውራ ጣቴን ቀስሬ አሳየኋቸው።

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሙዝ መሃል ገባን። ከሙዙ ወጥተን አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ገባን። ልብስ ተሰጥቷል፣ ሽማግሌና ባለቤታቸው በረንዳ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ይማም እጅ ነሷቸው፣ እኛም ተራ በተራ እጅ ነስተን አለፍን። ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ… ልብስ የተሰጣበት ግቢ። እንደገና እጅ ነሳን። ሰዎቹም አጸፋውን መለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንመጣ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር የጠበቁን።

እዚህ ላይ ኢማን ሕጉን ጣሰች። የማርቫንም፣ የኛንም። ሞተሯን አጓርታ እኔን አለፈች፣ ጋሽ ይማምን አለፈች፣ ከፊታቸው ገብታ ቆመች። የራስ ቁሯን አውልቃ «አጎቴ፣ ዊ አር ሎስት። ጠፍተናል» አለች።

ዘሀራ አፏን ያዘች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ይማም ሞተራቸውን አጠፉት።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ እኮ ከፍየሏ ጀምሮ ጠፍቻለሁ። አንዳችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ ሰዓት ሞላኝ።»

ታዲያ ለምን አልቆሙም አልኳቸው።

«እንዴት ልቁም? አምናችሁ ትከተሉኛላችሁ። ዞር ስል ትስቃላችሁ። አንተ ጣትህን ቀስረህ በርቱ ትለኛለህ። እኔስ ይሉኝታ የለኝም?» አሉና ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። «ሌላስ? ሌላ የማትነግሩኝ ነገር አለ?»

ኧረ ምንም የለም ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ ወላሂ። ግን ዘሀራ ከኋላዬ ወገቤን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አለ፣ ጋሼ» አልኩ። «መጀመሪያ ቀን ምን ነበር ያስተማሩኝ? ካላየህ ቁም አልነበረም?» ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ዕንባዬ መጣ። አርባ ምናምን ዓመቴ ነው፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ጋሽ ይማም ከሞተራቸው ወርደው ወደኔ መጡ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቁልፉን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን እዚህ ድረስ ያመጣሁት ለምን ይመስልሃል?» አሉ። «ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ነው እኮ። በራሴ ጊዜ ለመስጠት ልቤ እምቢ አለኝ። ፈራሁ። አንተ ደግሞ ባሕሩ ደስ አይልም ወይ ትለኛለህ!»

ዘሀራ ወርዳ አቀፈቻቸው። የግቢው ሰዎች ምን እንደሆነ ባይገባቸውም ኮኮናት ፈልጠው አጠጡን። ማርቫ አቧራ ለብሳ ስትደርስ አራታችንም በወንበር ተቀምጠን ነበር። በሥራዬ ብዙ ሰው ጠፍቶብኛል፣ እንደ እናንተ ሰልፉን ሳያዛባ የጠፋ ግን አይቼ አላውቅም አለችን። ስንመለስ ጋሽ ይማም ኢማን ኋላ ተቀመጡ። ማንም አልለመናቸውም።

ይኸው አሁን ኮሎምበስ ውስጥ የሚሄዱበት ሁሉ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በኛ ቤት ከእንግዲህ ይሉኝታ የለም፣ ሁሉም ያየውን ይናገር ተባብለናል። እኔም ለሰው ሁሉ ይሄንኑ ስሰብክ ከረምኩ፤ ተናገሩ ጎበዝ፣ ዝምታ ነው የሚያጠፋን እያልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ይማምን ከኛ ቤት ከካናል ዊንቸስተር ወደ ቤታቸው ወደ ኖርዝላንድ ስወስዳቸው ይሄንኑ የፍየሏን ነገር አንስቼ እየሳቅኩ እነዳለሁ። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከተማውን የሚዞረው 270 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተህ ሞርስ ሮድ ላይ መውረድ ነው። ወሬዬን ስጨርስ ቀና ብል ግሮቭ ሲቲ የሚል ሰሌዳ አየሁ። ከተማውን በሌላኛው በኩል ዞሬ ዞሬ ወደ ቤቴ ልመለስ ምንም አልቀረኝም!

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሞርስ ሮድን አለፍነው እንዴ?»

«ካለፍነውማ ቆየን» አሉ።

ሰሌዳው እንደማይታያቸው አውቃለሁ፤ ግን ያንን መንገድ ዓይናቸውን ጨፍነውም ያውቁታል። ታዲያ ለምን አይነግሩኝም አልኳቸው።

«መሪው ባንተ እጅ ነው። ደግሞ እየሳቅህ ነበር» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው። «ለነገሩ 270 ክብ ነው፣ መመለስህ አይቀርም ብዬ ነው።»

ይሉኝታ ይሁን በቀል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ያፍራሉ ብዬ ተውኩት።