ስድስቱ ዘሃራዎች

ሰው ሦስት ስም ምን ያደርግለታል? እስቲ ንገሩኝ። የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። አንዱ አይበቃም?

መካነ ሰላም የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ለአምስት ያደራጁን ሰሞን፣ ስድስት ሰው በስንት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀመጥ ይችላል ብዬ ተማሪዎቼን ጠየቅኳቸው። ሰባት መቶ ሃያ ነው። ስብሰባው ላይ ግን በአንዱም ቅደም ተከተል የሚመጣ ሰው አልተገኘም። ያኔ እስቅ ነበር።

እህቴ ዘሃራ ሰይድ አሊ ዓረብ አገር ሄደች። ትደውል ነበር፤ ድንገት ድምጿ ጠፋ። አባቴ ጆሯቸው ደክሟል፣ ስልኩን ግን ከአጠገባቸው አያርቁም። እኔም ከአሠሪ ቤት የሸሹ ልጆች የሚጠለሉበት ቦታ የሚሠራ ያገራችንን ሰው አፈላልጌ ደወልኩ። በዚህ ስም የለችም አለኝ።

ከዓረብ አገር የተመለሰች ጎረቤታችን፣ እነሱ እኮ ስም ያገላብጣሉ አለችኝ። ወይ የኔ ነገር! ይሄ እንዴት ጠፋኝ? ለመጀመሪያው ቦታ ሦስት ምርጫ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለመጨረሻው አንድ። ስድስት። ከስድስቱ በአንዱ እህቴን አላጣትም ብዬ እንደገና ደወልኩና የአባቷንና የአያቷን ስም አቀያየርኩት። ዘሃራ አሊ ሰይድ። አለች አለኝ።

አገናኘኝ። ልጅቷ የአቀስታ ልጅ ናት። አባቷ አሊ፣ አያቷ ሰይድ። ወሎ ውስጥ አሊና ሰይድ ጠፍቶ ያውቃል? ተሳስቼ ነው ስላት ማልቀስ ጀመረች። እስካሁን አንድም ሰው ጠይቋት አያውቅም።

"ወንድምዬ፣ እባክዎ አይዝጉት" አለችኝ።

ቅደም ተከተል ከተለወጠ ውጤቱ ሌላ ነው እያልኩ ስንት ዘመን አስተማርኩ። ሌላ ሰው ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

አባቴ ስልኩን ነጠቁኝ። ዘሃራ ነሽ ወይ አሏት። ምን ትበል? ዘሃራ ናት። አዎ አለች። አልሐምዱሊላህ እያሉ አለቀሱ፣ መረቋት። ምን ብዬ ልንገራቸው?

የቀሩትን አራቱን ተደብቄ ጠየቅኩ። በአንዱም የለችም። ሒሳቡ አለቀ፣ እኔም አብሬው አለቅኩ። አንድ ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ስም ጀምሬ ስደውል አባቴ አዩኝ። ፈገግ አሉ።

"አሁን ደግሞ ማንን ነው የምትፈልገው? ልጅቷ ተገኝታ የለም እንዴ?"