የጭራው ልኬት

ጠማማ ጠርዝ ሲያዩ ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው የሱሪው አንድ እግር ከሌላው በግማሽ ጣት ካጠረ፣ ከአቃቂ ሳሪስ አቦ ድረስ መልኩን ሳላይ እወርዳለሁ። አይፈረድብኝም። እናንተም አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጡ ብትኖሩ፣ ዛፉም ደመናውም የሰው መንጋጋም እኩል ካልሆነ አንድ ሰነፍ ልብስ ሰፊ ያበላሸው ይመስላችሁ ነበር። ይቅር ይበለኝና ፈጣሪን ራሱን «እዚህ ጋ ትንሽ ገባ ቢል» ለማለት የሚቃጣኝ ጊዜ አለ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ይህን አመሌን ያውቃሉ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቃሊቲ በእንቅልፍ ልቧ በምትሆንበት፣ ከባድ መኪናው እንኳ እያንቀላፋ የሚያልፍ በሚመስልበት ሰዓት፣ ሱቄ መጡና «ጋሽ በቀለ፣ መቀስዎን ይዘው ቤት ድረስ ብቅ ይበሉልኝ» አሉኝ። መጋረጃ መስሎኝ ነበር። ዓሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለልጃቸው ለመቅደስ እሁድ ሽማግሌ ሊመጣ ቀጠሮ ተይዟል። ጠያቂው ልጅ የማሽን ቴክኒሻን ነው፤ ጨዋ ነው፤ ስሙን በክፉ የሚያነሳ የለም። አባቷ በሕይወት ስለሌሉ በእሳቸው ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ወይዘሮ አስካለ ግድግዳውን ቀለም አስቀብተዋል፣ የሶፋውን ልብስ ቀይረዋል፣ የመቅደስን ፀጉር አስተኩሰዋል፣ ሳቋንም ቀነስ እንድታደርግ መክረዋታል። የቀረው ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ያለው የመቅደስ ዓሣ ብቻ ነው። ወርቃማ ነው፤ ጭራው እንደ ሙሽራ ቬሎ ረጅም፤ ግን ዳሩ ተበጫጭቋል፣ ግራው ከቀኙ ይረዝማል። መቅደስ ከቂሊንጦ ከፋብሪካ ፈረቃዋ ስትመለስ እሱ ፊት ቁጭ ብላ ዝም ትላለች። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የማሽን ድምፅ የሚወጣላት እዚያ ነው።

ይህችው ልጅ በዚያው ሳምንት የእሁዱን ቀሚስ ስለካላት፣ «ጋሼ፣ ልጁን ጠልቼው አይደለም። ግን እስካሁን ‹አንቺስ ለትዳር ደርሰሻል ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብላኝ ነበር። አፌ ስፒል ይዞ ስለነበር «እም» ብዬ አለፍኩ።

ወይዘሮ አስካለ ነገሩን ያዩት ስልክ ላይ ነው። በሌላ አገር ዓሣ የሚያሳምሩ ባለሙያዎች አሉ አሉ። ውሃው ላይ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ያደርጉና ዓሣው ሲተኛ ጭራውን በመቀስ ያስተካክሉታል። «መልሶ ይበቅላል፤ እንደ ጥፍር ነው» አሉኝ። ጥፍር ከተባለማ ምን እላለሁ? ዓሣውን ውሃ ወዳለበት ጎድጓዳ ሳህን አዛወርንና ለጥርስ ሕመም የሚገዛውን ዘይት ጠብ አደረግን። ዓሣው ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ቀዘፋውን ረሳ፣ ቀስ ብሎ በጎኑ ጋደም አለ። የከሰዓቷ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ውሃው ላይ ተኝታለች፤ ሳሎኑ ሻይ ሻይ ይሸታል፤ ባቡሩ ከሩቅ ይሰማል። ምን ልበላችሁ፣ ከዓሣውና ከእኔ የተኛው ማንኛችን እንደሆነ እንጃ። እርጥብ ጥጥ ላይ አጋድሜ ጭራውን በጣቴ ዘረጋሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስስ ነገር ነክቼ አላውቅም።

ግራውን ቀነስኩ። ቀኙ በለጠ። ቀኙን ቀነስኩ። ግራው በለጠ። የሙያ ጓደኞቼ ይህን በሽታ ያውቁታል፤ ሱሪ አሳጥራለሁ ብሎ ቁምጣ ያስረከበ ስንት አለ። ወይዘሮ አስካለ «ይበቃል» ባይሉኝ ኖሮ አላቆምም ነበር። ከዳሩ ቀጭን ቀይ ክር ሲወጣ አየሁና መቀሱን አስቀመጥኩ። ጨርቅ ደምቶብኝ አያውቅም።

ዓሣው ነቃ፤ መዋኘት ግን ጠፋበት። ወደፊት እሄዳለሁ ሲል አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። በመጨረሻ ድንጋዩ ሥር ተወሸቀ። መቅደስ ከሰርቪስ ወርዳ ገባች፣ አየችው፣ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ውሃው እኮ ነው» አለችኝ። «ውሃው ሲቆሽሽ ነው ጭራው የሚበላው። ሳምንቱን ሙሉ ተጨማሪ ሰዓት እየሠራሁ ሳልቀይርለት ቀረሁ።» እጅጌዋን ሰብስባ ባልዲ አመጣች። አፈርኩ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል የሚመለከተው ዓሣ አጥማጅን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ ከሆነ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን «እስቲ እንመካከር፣ ልጅቷንም እንጠይቅ» ተብሎ በቀጠሮ ይሸኛል። ወይዘሮ አስካለ ግን ቀጠሮ የሚባል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ፣ በዚያው «እሺ» ብዬ እንድገላግላቸው አስጠንቅቀውኛል። የዓሣውን መስታወት ዳንቴል አልብሰውታል። መቅደስ ለስላሳ ይዛ ገባች፣ አቀረበች፣ ስትመለስ ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው የሚያነክሰው?» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ አባቴ፣ ላስተካክለው ብዬ» አልኩ።

«ይድናል?»

«ጭራው ይበቅላል አባባ፤ ጊዜ ከሰጡት» አለች መቅደስ። ትሪውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆየችና ጨመረች፣ «እኔም መልሴን ያን ጊዜ ብሰጥ ደስ ይለኛል።»

የወይዘሮ አስካለ ዓይን ጉንጬን ሲያቃጥለው ይሰማኛል። ያችን «እም» አስታወስኩ። አሁን አፌ ስፒል አልያዘም። «እንግዲህ ልጅቷን ሳንጠይቅ አንመልስም፤ ቀጠሮው ጭራው ሲበቅል ይሁን» አልኩ። ሽማግሌው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «በዓሣ ጭራ ስቀጠር የመጀመሪያዬ ነው። ለመሆኑ ማን ይለካዋል?» ሁሉም አንገቴን አዩ። ሜትሬን ማውለቅ ረስቼ ኖሯል።

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከመቅደስ ጋር ውሃውን፣ ክሎሩ እንዲወጣለት በባልዲ ባደረ ንጹህ ውሃ እንቀይራለን። ጠያቂው ልጅም አንዳንዴ ይመጣል፣ ባልዲ ያቀብላል፣ ከእሷ ጋር ያወራሉ፤ ስትስቅ ሳቋን አትቀንስም። ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጥቷል። ያለፈው ቅዳሜ ሜትሬን መስታወቱ ላይ ሳጋድም ጭራው ሞልቷል፤ ግራው ረዘም፣ ቀኙ አጠር እንዳለ። ወይዘሮ አስካለ ከኋላዬ መጥተው «እህሳ፣ ጋሽ በቀለ?» አሉ።

መቅደስን አየኋት። እሷ ውሃውን ታያለች።

«መቅዲ፣ ደረሰ?» አልኳት።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ ጋሼ።»

በአርባ ዓመት ሥራዬ በቀጠሮ ያልዋሸሁት ደንበኛ የለም፤ በልኬት ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። «አንድ ጣት ይቀረዋል» አልኩና ሜትሬን ጠቀለልኩ።