የጸሐፌ ሰማይ ልጅ ስትዳር

የውሎ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው የሌለበት መንደር የለም፤ አለ ከተባለም ገና ሰው አልሰፈረበትም ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ሰው ዝናብ ሲመጣ አይጠለልም፤ በየት በኩል እንደመጣ ቆሞ ያያል። ላሙ ስትወልድ ወዲያው ደስ አይለውም፤ እስኪጽፈው ይታገሣል። እኛን የአሜሪካ የቨርሞንት ኮረብታ ገበሬዎችን ደግሞ እግዜር አድሎን የዚህን ዘር አውራውን ሰጠን፤ አቶ ኦሪን ፒስሊን። እኛ በክብር "ጸሐፌ ሰማይ" እንላቸዋለን። ሚስታቸው ሎቪና ግን "አንተ ሰውዬ" ነው የምትላቸው።

ማታ ማታ እራት ሲነሣ ጸሐፌ ሰማይ ደብተራቸውን ይዘረጋሉ። በብርዱ ወራት ቀለሙ ስለሚረጋ ብልቃጡን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ያሞቁታል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ ዝም ማለት አለበት። ከዚያ ይጽፋሉ፦ "ደመና። ነፋስ ከሰሜን። እንጨት ፈለጥን። ሚስቴን ጥርሷን አሟታል።" በቃ። ጥርሱ የትኛው ነው፣ እንቅልፍ ነሣት ወይ፣ እሱ የለም። የገዛ እናታቸው የሞቱ ለት እንኳ ያሉት ይኸው ነው፦ "ብርድ። እናቴ ዐረፈች። ወደ ማታ ጠራ።"

አገር ሲከራከር ዳኛው እሳቸው ናቸው። ድልድዩን ጎርፍ የወሰደው መቼ ነበር? ኮርማው የጠፋው ከአጨዳ በፊት ነው በኋላ? ጸሐፌ ሰማይ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገጹን ይገልጡና "ተጽፏል!" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። ጎረቤታችን ምስኪኗ ፊላንዳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከዕድሜዋ ትንሽ ልትቀንስ ስትል "የለም የለም፤ አንቺ የተወለድሽ ለት ከአባቴ ጋር አጃ እያጨድን ነበር፤ ተጽፏል!" ብለው ጉድ ሠሯት። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም።

ጽፈው ሲጨርሱ ደግሞ የዱሮዎቹን ደብተሮች አውጥተው ያችኑ ቀን ከየዓመቱ ያነባሉ። ሎቪና ምድጃው አጠገብ ካልሲ ትሠራለች፤ ድምፃቸው እንደ ዝናብ ጣራ ጣራውን ሲል ዓይኗ ይከደንና ዓመታቱ ይደባለቁባታል። የሞተችው ባዝራ ተነሥታ ማረሻ ትጎትታለች። መብረቅ የጣለው የፖም ዛፍ ያብባል። አማቷ ጓዳ ውስጥ ይስላሉ። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ልጇ አልሚራ ተመልሳ ወለሉ ላይ ትድሃለች። ሎቪና ይህን ሰዓት ትወደዋለች፤ ብትገደል ግን አታምንም።

አንዲት ገጽ ብቻ አለች፣ በየዓመቱ በመጋቢት ስትነበብ እጇን የምታስቆማት። "ሞቅ ያለ። ነፋስ ከምዕራብ። የዛፉ ውሃ እጅግ ወረደ። ሴት ልጅ ተወለደች።"

"ልጄን ከዛፍ ውሃ ኋላ!" ትላለች ሎቪና።

"በወረደው ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት። ውሃው ጠዋት ወረደ፣ እሷ ማታ።"

"እኔስ ከጠዋት ጀምሮ ሳምጥ የት ነበርክ?"

"ጫካ ነበርኩ፤ ተጽፏል።"

ፍርድ እንዳይዛባ፣ ውሃው ቀልድ አይደለም። ብርዱ ሲላላ ሜፕል የሚባለውን ዛፍ ግንድ በስተን፣ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ አፍልተን ነው የዓመት ስኳራችንን የምናገኘው። ቀኑ ካለፈ አለፈ ነው። ቢሆንም እናት ናትና ሎቪና ነገሩ ከሆዷ አልወጣላትም።

ታዲያ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሆሊስ አልሚራን ለትዳር ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። የቀረው ቀን መቁረጥ ነበር።

"በሚያዝያ ይሁንልን ጋሼ" አለ ሆሊስ ቆቡን እያሻሸ።

"በሚያዝያ መንገዱ ጭቃ ነው። የሰባኪው ጋሪ እስከ ወገቡ የሰመጠው በሚያዝያ ነው፤ ተጽፏል!"

"በመጋቢትስ?"

"በመጋቢት ውሃው ይወርዳል። የየካቲት የመጨረሻው ሐሙስ ይሁን። ያን ለት ዛፎቹ እንደ ድንጋይ ነው የሚተኙት። እኔ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም።"

ሎቪና መርፌዋን አስቀመጠች። "እንግዲህ ስማ፣ አንተ ሰውዬ። አንዴ ብቻ፣ ይህችን አንዴ፣ ልጄ ከውሃው ትቅደም። ሌላ ምንም አልጠየቅኩህም።"

"ተጽፏል አልኩሽ እኮ!"

ሰማይ ግን ደብተር አያነብም። በሰርጉ ዋዜማ ሌሊት ሎቪና በሕልሟ ብዙ ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ ሰማች፤ ስትነቃ የጣራው በረዶ እየቀለጠ ሲንጠባጠብ ነው። ነፋሱ ለስልሷል። በጎኗ ያለው አልጋ ባዶ ነው። ወርዳ አየች፤ መሰርሰሪያው ከሚስማሩ ላይ የለም፣ የጫማ ዱካም በቀጥታ ወደ ጫካው ይሄዳል።

ከቀትር በኋላ እንግዳው በበረዶ ጋሪ ገባ፣ ሰባኪው ገቡ፣ ሆሊስ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። የሙሽራዋ አባት የሉም። አልሚራ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

"አባዬ ሄደ?"

"ሄደ! ምን ይደረግ ልጄ፣ ዱሮም ከውሃው ኋላ ነሽ" አለች ሎቪና፤ እንባዋም መጣ። ለዓመታት ስታባብለው የኖረችው ነገር ፈነዳ።

አልሚራ ግን "እማዬ፣ ቦት ጫማዬን አቀብዪኝ" አለች።

እንዲህ ነው ሰርገኛው ሁሉ ተነሥቶ ኮረብታውን የወጣው። ከበረዶው ላይ ጉም ይነሣል። ፊት ፊት የምትሄደው ሙሽራ አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። በየግንዱ ላይ ውሃው ባልዲ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከኋላ ሰባኪው ያለከልካሉ።

የስኳር ጎጆው ውስጥ እንፋሎቱ እስከ ጣራው ደርሷል። ጸሐፌ ሰማይ የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ጭልፋ ጨብጠው፣ ትልቁ ጎላ ላይ አጎንብሰዋል። ሙሽራዋን ሲያዩ ፊታቸው ደም መሰለ።

"ልመጣ ነበር እኮ… ትንሽ ብቻ… ትቼው ብወጣ ያርራል ልጄ…"

"ማን ውጣ አለህ አባዬ? እዚሁ ዳረኝ።"

ሰባኪው ጀመሩ። ሎቪና ግን ሰባኪውን አልሰማችም፤ ባሏን ነበር የምታየው። ጭልፋው ከእጃቸው ተንጠልጥሎ ጫማቸው ላይ ያንጠባጥባል። ዓይናቸው ከአልሚራ ላይ አልተነቀለም። ጎላው ተንተከተከ፣ ወፈረ፣ ከዚያ መሽተት ጀመረ። ሁላችንም ሸተተን። ጎረቤት ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመ። ፊላንዳ፣ እሷው ፊላንዳ፣ ልትጮኽላቸው አፏን ስትከፍት ሎቪና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ይረር አለች በልቧ፤ ድብን ብሎ ይረር!

ስንት ዓመት ያልታየ ውሃ አረረ። "አሜን" ከተባለ በኋላ ነው ጸሐፌ ሰማይ አፍንጫቸውን ያነሡት።

"ምንድነው የሚሸተው?"

ጎጆው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የተረፈውን በረዶ ላይ እያፈሰስን በላነው። መራራ ነበር። "እንዲህ ያለ ቀምሰን አናውቅም!" አልን፤ መቼም አልዋሸንም።

ሙሽሮቹ ሄዱ፤ እራት ተነሣ፤ ቤቱ ጭር አለ። ጸሐፌ ሰማይ ደብተራቸውን ዘረጉ፤ ገጹ አናት ላይ "አልሚራ ተዳረች" ብለው ጻፉና ብዕሩን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሎቪና ከካልሲዋ ቀና አለች።

"ምን ሆንክ? ጨርስ እንጂ።"

"ሎቪና…" አሉ፣ እንደ አፈረ ልጅ። "ጎጆው ከገባችሁ ወዲህ ሰማዩን አላየሁትም።"

ሎቪና ክሯን ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታችው።

"ነፋሱ ከምዕራብ ነበር" አለች። "ወደ ማታ ጠራ። ጻፍ በል፤ አይቼልሃለሁ።"